ለቡችላዋ ከከረጢቱ፣ ለትልቁ ከድስቱ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሁለት ውሾች አሉኝ። አንዱ የአራት ዓመት የሀበሻ ውሻ ነው፤ 25 ኪሎ ይሆናል፣ ግቢ ይጠብቃል። ሌላዋ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ቡችላ ናት፤ አምስት ወር ሞልቷታል። ለሁለቱም ከአዲስ አበባ የሚመጣ የታሸገ ደረቅ ምግብ እሰጥ ነበር። ዋጋው አልቀመስ ሲል ከሁለት ወር በፊት ተውኩት። አሁን ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢና ሳንባ እየገዛሁ፣ ትንሽ ፈላ አድርጌ ከእንጀራ ጋር እሰጣቸዋለሁ። የተረፈ ወጥ ካለም ይጨመርበታል። ትልቁ ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል። ቡችላዋ ግን የፊት እግሮቿ መጣመም ጀምረዋል፤ ከተኛችበት ስትነሳም ታነክሳለች። እናቴ ‹ውሻ ድሮም በትርፍራፊ ነው ያደገው› ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ከታሸገው ውጪ ምንም እንዳትሰጪ› አለችኝ። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። እንደነገርሽኝ ከሆነ የቡችላሽ ነገር ገና አልረፈደም። ግን ለሚቀጥለው ወር የሚባል ጉዳይም አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እሷ ልንገርሽ። ስለ ትልቁ ውሻ፣ ስለ ወጡና ስለ ሳንባው ቀጥዬ እመጣለሁ።

በማደግ ላይ ያለች ቡችላ ለሁለት ወር ሥጋና እንጀራ ስትበላ ቆይታ እግሯ ከተጣመመ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካልሲየም እጥረትን ነው። ብዙ ሰው «ሥጋ እየበላች እንዴት ይጎድልባታል?» ይላል። ችግሩ ያለው እዚያው ሥጋው ላይ ነው። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ በሽ ነው፤ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለአንድ እጅ ካልሲየም ከ15 እስከ 20 እጅ ፎስፈረስ ይኖረዋል። ቡችላ የሚያስፈልጋት ደግሞ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ እኩል የሆነ፣ ቢበዛም እጥፍ ያልበለጠ ምግብ ነው። ሳንባም ያው ሥጋ ነው። ጤፍ ከሩዝና ከስንዴ የተሻለ ካልሲየም አለው። ነገር ግን ፎስፈረሱም አብሮ ስለሚበዛ እንጀራው ክፍተቱን አይሞላውም።

እንዲህ ሲሆን ሰውነቷ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይሠሩም፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዲወርድ አይፈቀድም። አንገት ላይ ያሉት ትንንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ወዲያው ይነቁና ካልሲየሙን ከአጥንቷ እያወጡ ወደ ደም ይልካሉ። ደሟ ቢመረመር ካልሲየሙ ደህና ሆኖ ሊገኝ የሚችለውም ለዚህ ነው። አጥንቷ ግን እየሳሳ ይሄዳል። ክብደቷን መሸከም ሲያቅተው ይጎብጣል። ሲብስም ከደረጃ ዘልላ ስትወርድ ሊሰበር ይችላል።

ትልቁ ውሻሽ ያንኑ እየበላ ለምን ደህና ሆነ? እሱ አጥንቱን ሠርቶ ጨርሷል። የሚያስፈልገው ካልሲየም ከእሷ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጉድለቱም ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። እሷ ደግሞ የትልቅ ዝርያ ልጅ ናት። በወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ ልትጨምር ነው። ምግቡ አንድ ቢሆንም የሁለቱ ሂሳብ ለየቅል ነው።

እንግዲህ ለእሷ የምመክርሽ ይህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ታሸገው የቡችላ ምግብ መልሻት። ከተገኘ ለትልልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተሠራውን ምረጪ፤ ከረጢቱ ላይ «ፓፒ» እና «ላርጅ ብሪድ» ይላል። ያለሽን ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውይው። ለትልቁ ውሻ ሙሉ በሙሉ የታሸገ መግዛት ተዪ፤ ለእሱ ድስቱ ከጥቂት ማሟያ ጋር ይበቃል። አንድ ዓመት ከምናምን እስኪሆናት ድረስ ግን ለእሷ በቤት ምግብ እንድትሞክሪ አልመክርሽም። የሚያድግ ትልቅ ዝርያን በቤት ምግብ በትክክል ማሳደግ ይቻላል። ግን ሚዛን፣ የተለካ ማዕድንና ቀመሩን የሚያወጣ ባለሙያ ይፈልጋል። በግምት አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። «ካልሲየም ጎደላት» ስልሽ ሮጠሽ ካልሲየም እንዳታስወጊያት። ከፋርማሲ እንክብል ገዝተሽም በታሸገው ምግብ ላይ እንዳትጨምሪ። ቡችላ እስከ ስድስት ወር ገደማ ድረስ አንጀቷ ትርፍ ካልሲየምን በደንብ መከልከል አይችልም፤ ከሰጠሻት ብዙው ይገባል። ትርፉም በትልልቅ ዝርያዎች ላይ አጥንትና መገጣጠሚያ ያበላሻል። ቫይታሚን ዲም ሲበዛ መርዝ ነው። በትክክል የተሠራ የቡችላ ምግብ ውስጥ ሁሉም በልኩ አለ፤ ምንም አትጨምሪበት።

ዛሬ ነገ ሳትዪ የእንስሳት ሐኪም ይያት። እግር የሚያጣምም ሌላም ነገር አለ፤ የእድገት ችግር፣ ጉዳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል። ራጅ የሚነሳበት ቦታ ከተገኘ የአጥንቷን መሳሳት በግልጽ ያሳያል። እስከዚያው ደረጃ አታውጫት፣ አታሩጫት፣ ከትልቁ ጋር አታታግያት። በሚያዳልጥ ሴራሚክ ላይም አትተያት። አጥንቷ እስኪጠነክር ድረስ መዝለል ለእሷ አደጋ ነው። ምግቡ ሲስተካከል አጥንት በሳምንታት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። የተጣመመው ምን ያህል እንደሚቀና ግን በደረሰው ጉዳትና በቀራት የማደጊያ ጊዜ ይወሰናል። ስለዚህ ነው ቀጠሮ አትስጪው ያልኩሽ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

የእማማን አባባል ብዙ ሰው ይለዋል፤ እውነትም አለበት። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ከሰው ማዕድ በልቶ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ውሾች ስታርች የሚፈጭላቸውን ዘረ መል ከተኩላ በብዙ እጥፍ ቅጂ እንደያዙ አሳይቷል። ስለዚህ «ውሻ ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው» የሚለው ትክክል አይደለም። የበሰለ እህል፣ እንጀራም ሩዝም፣ ሆዱ ይፈጨዋል።

ነገር ግን ያ የድሮ ውሻ እንዴት ይኖር እንደነበር እናስታውስ። እሱ አጥር ውስጥ አልነበረም። ሰፈር ይዞራል፣ አይጥ ይይዛል፣ አጥንት ይቆረጥማል፣ የሞተ እንስሳ ያገኛል፣ ቆሻሻ ይፈነቅላል። ከቤት የሚሰጠው ከሚበላው ትንሹ ነበር። ሰውነቱ ደቃቃ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሳያድጉ የሞቱትን ቡችላዎች ደግሞ ማንም አልቆጠራቸውም። ያንቺ ውሾች የግቢው በር ተዘግቶባቸዋል። አንቺ ከሰጠሻቸው ውጪ ሌላ ምግብ የላቸውም። አንድ ነገር ካጎደልሽ ከየትም አያመጡትም። እማማ ያዩት ውሻ ሌላ፣ አንቺ የምታሳድጊው ውሻ ሌላ ነው።

የጓደኛሽ ምክር ደግሞ ለቡችላዋ ልክ ነው፤ ለትልቁ ግን ከልክ አልፏል። የታሸገ የውሻ ምግብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ፣ መርከበኞች ከሚበሉት ደረቅ ብስኩት ሐሳቡን ወስዶ የውሻ ብስኩት ሠራ። ዛሬ የምናየው የተነፋ፣ ፍሬ የሚመስል ደረቅ ምግብ በስፋት ወደ ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ጥሩ የታሸገ ምግብ ትልቁ ጥቅሙ ሙሉነቱ ነው። ፕሮቲኑ፣ ስቡ፣ ዚንኩ፣ አዮዲኑ፣ ቫይታሚኑ ተለክቶ ገብቷል። ባለቤቱ ቀመር ማወቅ አይጠበቅበትም። «ኬሚካል ነው» እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከረጢቱ ላይ የሚታየው ረጅም የስም ዝርዝር አብዛኛው ቫይታሚንና ማዕድን ነው።

ይህን ስል የታሸገ ሁሉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ከቻይና በመጣ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ተቀላቅሎ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ሞተዋል። በ2020 መጨረሻ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያለበት ምግብ ብዙ ውሾች ገድሎ ከገበያ ተሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ እህል በሌላቸውና አተርና ምስር በሚበዛባቸው የውሻ ምግቦችና በልብ ጡንቻ ሕመም መካከል ግንኙነት ሊኖር ይችላል ብሎ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ምክንያቱ እስካሁን ቁርጥ አልሆነም። ቢሆንም «እህል የለውም» የሚለው ጽሑፍ ጥራት መስሎሽ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍዪበት። ውሻሽ እህልን አይፈራም።

የቤት ምግብም በጎ ፈቃድ ብቻ አይሞላውም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሐኪሞች ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት 200 የቤት ውሻ ምግብ አሠራሮችን ሰብስበው መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ከመቶ 95 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ነገር ይጎድላቸው ነበር። አንዳንዶቹን የጻፏቸው የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። ፍቅር ያላቸው ሰዎች፣ ጥሩ ሥጋ ገዝተው፣ በንጹሕ ድስት አብስለው ነው ያጎደሉት። ስለዚህ «ቤት የተሠራ» የሚለው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከታሸገውም ከድስቱም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ ነው ወይስ አይደለም?

ትርፍራፊ ደግሞ የቤት ምግብም አይደለም። ለሰው የተሠራ ምግብ ቅሪት ነው። እኛ አገር ትልቁ ችግሩ ሽንኩርት ነው።

ሽንኩርት፣ ቀይም ነጭም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ጥሬውም፣ የተቁላላውም፣ ደርቆ የተፈጨውም ያው ነው፤ እሳት መርዙን አያጠፋውም። በአንድ የሰውነት ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ጉዳት ያደርሳል። አምስት ኪሎ ለምትመዝን ትንሽ ውሻ 75 ግራም ማለት ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ስንት ራስ እንደሚገባበት አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሰጥም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ውሻው ይዝላል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ የቡና መልክ ይይዛል። ያን ጊዜ ሰው ወጡን ረስቶታል።

ሽሮም ያው ነው። ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም አብሮ ይፈጫል። የተነጠረ ቅቤም ብዙ ጊዜ ሽንኩርት ገብቶበት ነው የሚነጠረው። ስለዚህ «ወጡን ሳይሆን መረቁን ብቻ ነው የሰጠሁት» ማለት አያድንም። በበዓል የሚወረወረው ጮማና ቅቤ ደግሞ የቆሽት ብግነት ያመጣል። ያ ሲሆን ውሻው ያስመልሳል፣ ወገቡን ያጎብጣል፣ ምግብ አልነካም ይላል፤ ሊሞትም ይችላል። ቡና፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ጠላ፣ ስኳር የለውም የሚባል ማስቲካ፣ እነዚህን ከአጠገቡ አርቂ። የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል፤ አትስጪ።

የሻገተ እንጀራንም እዚህ ላይ ላንሳው። በብዙ ቤት «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ስጡት» ይባላል። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ሻጋታ አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል፤ ውሻ ደግሞ ለአፍላቶክሲን ጉበቱ ደካማ ነው። ማድረቅም መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒም እንደዚያው።

አሁን ስለ ሳንባው። ጥያቄሽን ሳነብ ከእግሯ ቀጥሎ ያሳሰበኝ «ትንሽ ፈላ አድርጌ» ያልሽው ነው።

ሳንባ በምግብነቱ አይጠላም። ነገር ግን በአገራችን ከብትና በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በብዛት ይገኛል። ሐኪሞች የሃይዳቲድ በሽታ ይሉታል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ያን ሳይበስል ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ትሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አታይውም። ውሻውም አይታመም፤ ምንም አይመስልም። እንቁላሉ ግን ጸጉሩ ላይ፣ ግቢው ውስጥ፣ ጎመኑ ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይገባበታል። ሰው ውስጥ ሲገባ ከረጢቱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

ስለዚህ ሳንባና ጉበት ስትገዢ መጀመሪያ ክፈቺና እዪው። ከረጢት ያለበትን ቆርጠሽ ለመጠቀም አትሞክሪ፤ ሙሉውን አቃጥዪው ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሪው። ደህና የሚመስለውንም በትንሽ በትንሹ ቆራርጠሽ ቢያንስ 40 ደቂቃ በደንብ ቀቅዪው። ፈላ አድርጎ ማውጣት አይበቃም።

በአረፋ፣ በፋሲካ፣ በገና ይህ ነገር ይብሳል። በየግቢው ይታረዳል፤ ሳንባው፣ ጭንቅላቱ፣ ሆድ ዕቃው ለሰፈር ውሻ ይጣላል። የበግ ጭንቅላትም የራሱ መዘዝ አለው። ወሎ ውስጥ በጎችን የሚያዞረው፣ ገበሬው አዙሪት የሚለው በሽታ የሚመጣው ከሌላ የውሻ ኮሶ ነው። ውሻው የታመመ በግ አንጎል ይበላል፤ እንቁላሉን ግጦሽ ላይ ይጥላል፤ ሌላው በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ገበሬው በጎቹን የሚያጣው ሌላ ሰው በወረወረው ጭንቅላት ነው። ይህን ለጎረቤቶችሽም ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።

ሁለቱም ውሾችሽ እስካሁን በልተዋልና የኮሶ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በክብደታቸው ተለክቶ ይሰጣል፤ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም ሐኪሙ ይወስናል። ብዙ ሰው ከሰው ፋርማሲ አንድ አልቤንዳዞል ገዝቶ ይሰጥና «ትል አጥቤያለሁ» ይላል። ለዚህ ትል አይበቃም። የአይቨርሜክቲን መርፌም ኮሶ ላይ አይሠራም።

ለትልቁ ውሻ ድስቱን እንዴት እንደምታሰናጂው ልንገርሽ። 25 ኪሎ የሚመዝን፣ ግቢ ውስጥ የሚውል ጤነኛ ውሻ በቀን 1,100 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይበቃዋል። ለአንድ ቀን 250 ግራም ስቡ የወጣለት ቀይ ሥጋ ወይም ልብ፣ አንድ እንቁላል፣ 120 ግራም ደረቅ ሩዝ፣ 150 ግራም የሚሆን ካሮት፣ ድንች ወይም ስኳር ድንች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ጉበት ከ15 እስከ 20 ግራም ይበቃል። ጉበት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ድስቱን አትሙይበት፤ ቫይታሚን ኤው ሲበዛ ይጎዳል። ዘይቱ የሱፍ ወይም የኑግ ቢሆን ይሻላል። በሚረጋው ዘይት ውስጥ ለቆዳና ለጸጉር የሚያስፈልገው ስብ አነስተኛ ነው። ከሩዙ ግማሹን በግማሽ እንጀራ መተካት ትችያለሽ። ሥጋው ሲወደድ ከሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ ዓሣ ቀቅለሽ፣ እሾሁን በደንብ ለቅመሽ መተካት ይቻላል። ዓሣ ቫይታሚን ዲም አለው፤ ውሻ ደግሞ እንደ ሰው ከፀሐይ በበቂ አይሠራውም።

ሁሉንም ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ አብስዪው። ካሮቱና ድንቹ በደንብ ይብሰልና ይፈጭ፤ ቁራጩ እንዳለ ሲሆን ብዙ ጊዜ እንደገባ ነው የሚወጣው። የእንቁላል ቅርፊት አትጣዪ። እጠቢው፣ ቀቅዪው፣ ምጣድ ላይ አድርቂውና እንደ ዱቄት እስኪልም ፍጪው። በቀን ከሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛው ከቀኑ ምግብ ጋር ይደባለቅ። ይህ 1.4 ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጠዋል፤ የሥጋውን ፎስፈረስም ያመጣጥናል። ካላላመ አንጀት ስለሚያሳክክ በወንፊት ንፊው።

ይህም ሆኖ ድስቱ አልሞላም። ዚንክ፣ አዮዲን፣ መዳብ፣ ቫይታሚን ዲና ኢ አሁንም ይጎድሉታል። አዮዲን ያለው ጨው ቁንጥር ብታደርጊበት አይጎዳም፤ ግን ብቻውን አያደርሰውም። ለውሻ የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ከሐኪም ጠይቀሽ ጨምሪበት። እሱ ከጠፋ ሌላ መላ አለ። ከቀኑ ምግብ ግማሹን ለቡችላዋ ከምትገዢው ሳይሆን ርካሽ ከሆነ የአዋቂ ውሻ የታሸገ ምግብ አድርጊው፤ ግማሹን ደግሞ ከድስቱ። ያን ጊዜ የቅርፊቱን ዱቄትም በግማሽ ቀንሺ። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባውን ሙሉ በሙሉ መግዛት ለብዙ ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሽ በግማሽ ለአዋቂ ውሻ ጥሩ መንገድ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ውሻ ግን ይህን ቀመር አትውሰጂ፤ ድመት ካለሽም ለእሷ አይሆንም።

«ወፍሯል» ያልሽውን እንደ ጥሩ ዜና እንዳትወስጂው። እጅሽን ደረቱ ላይ አድርጊና ጎድኑን ዳብሺው። ሳትጫኚ ከተሰማሽ ጥሩ ነው። ተጭነሽ ከፈለግሽው ወፍሯል፤ ከሰጠኹሽ መጠን አንድ አስረኛውን ቀንሺ። ደሴ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ይከፋል። ውጭ የሚያድር ከሆነና ከከሳ ያንኑ ያህል ትጨምሪለታለሽ። በቀን ሁለቴ ከፋፍለሽ ስጪው፤ ቡችላዋ ሦስቴ ትብላ።

ከረጢት ስትገዢ «ኮምፕሊት» የሚለውን ፈልጊ። «ኮምፕሊሜንታሪ» የሚል ከሆነ ተጨማሪ ብቻ ነው፤ ለብቻው አያኖርም። በአሜሪካ መለኪያ፣ ውሃው ሳይቆጠር፣ የአዋቂ ምግብ ቢያንስ 18 በመቶ፣ የቡችላ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውን አልወድም። መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም፤ ስቡ ይበላሻል፣ እርጥበትም ይገባበታል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ በሙቀቱ የተነሳ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ምግቡን ከከረጢቱ ሳታወጡ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ በጥላ አስቀምጡት፤ በወር ተኩል ውስጥ ይለቅ። የበሰለውም ምግብ ኮምቦልቻ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ውጭ አይቆይም። ማቀዝቀዣ ከሌለ ለየዕለቱ ይበሰል።

ለትልቁ ለውጡን በአንድ ቀን አታድርጊው፤ ተቅማጥ ያመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ሩብ አዲሱን፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ እያልሽ በሳምንት ውስጥ ጨርሺው። ለቡችላዋ ግን ሳንባውንና ወጡን ዛሬውኑ አቁሚ። በሦስት አራት ቀን ሙሉ በሙሉ ወደ ቡችላ ምግቡ ትግባ። በየሳምንቱ መዝኛት፤ አንቺ ይዘሻት ሚዛን ላይ ቁሚና የራስሽን ኪሎ ቀንሺ። እግሯን ከፊት ለፊት ቆመሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ ከሳምንት ሳምንት ያለውን ለውጥ እንዲያይ። ድንገት መቆም ካቃታት፣ ስትነኪያት ከጮኸች ወይም የኋላ እግሯን ከጎተተች ያን ቀን አታሳልፊው፤ አጥንት ተሰብሮ ወይም አከርካሪዋ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በእጅሽ አትሸከሚያት። ሰፊ ጣውላ ላይ አስተኝተሽ ውሰጃት።